እጅ ከጋቢ እስኪወጣ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካ አንድ ፓርቲ ውስጥ ለፕሬዚዳንትነት ከሚፎካከሩት መካከል ቀዳሚ የሆነው ሰው በአገር አቀፉ ምርጫ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም የሚለው ክርክር ምን ያህል ሚዛን ይደፋል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል። የአሜሪካ ምርጫ ዓመታትን፣ ወራትንና ቀናትን የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ ወፍጮ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ዜግነት ወስዶ በዲሞክራቲክ ፓርቲ መራጭነት ተመዝግቧል። በስልክ በተገናኘን ቁጥር ስለ 2028ቱ ምርጫ ሳያነሳ አይቀርም። አንድ ቀን «ከሁሉም የምወደው አሁን የሚመራውን ነው» ይለኛል፤ በሌላ ቀን ደግሞ «ነገር ግን እርሱ አገር አቀፉን አያሸንፍም፤ ስለዚህ ድምፄን ለሌላ ልሰጥ ነው» ይላል። እኔን ያስታወሰኝ የእድራችንን ምርጫ ነው። ባለፈው ዓመት ሊቀመንበር ስንመርጥ ጠዋት ስለነበረ ብርዱ ለጉድ ነበር፤ ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው እጩ ስም ሲጠራ ግራና ቀኝ ተያየን፤ ከሁለት ሰዎች በቀር እጁን ያወጣ አልነበረም። ሁለተኛው ሲጠራ አንድ ሽማግሌ ቀድመው እጃቸውን አወጡ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው። ስብሰባው ተበትኖ ቡና ስንጠጣ ግን «እኔስ የፈለግሁት የመጀመሪያውን ነበር፤ ሌላው አይመርጠውም ብዬ ነው እንጂ» ያላለ ሰው አላገኘሁም። ወንድሜ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ይሁን እንጂ ወንድምዎም የሚሉት ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን የምርጫውን አካሄድ እንመልከት።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልግ ሰው ሁለት በር ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው የገዛ ፓርቲው በር ነው፤ በየግዛቱ በሚካሄደው ቅድመ ምርጫ የፓርቲው ደጋፊዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ እጩዎቹም በውጤታቸው መሠረት ለፓርቲው ጉባኤ የሚላኩ ተወካዮችን ይከፋፈላሉ። ሁለተኛው በር አገር አቀፉ ምርጫ ሲሆን እርሱም የመላውን ሕዝብ ድምፅ ደምሮ አሸናፊ የሚለይ አይደለም፤ ለግዛቶቹና ለዋና ከተማዋ የተደለደሉ 538 የመራጭ ወኪሎች አሉ፣ ለማሸነፍ ደግሞ 270ው ያስፈልጋሉ። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በአንድ ግዛት አንደኛ የወጣ እጩ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። የክርክሩ ሁሉ ምንጭ የሁለቱ በሮች ጠባቂዎች አንድ ዓይነት ሰዎች አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያውን በር የሚከፍቱት ፖለቲካን በቅርብ የሚከታተሉና በአቋማቸው የጸኑ ጥቂቶች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚከፍቱት ግን እንደ ፔንሲልቬኒያ፣ ሚቺጋንና ዊስኮንሲን ባሉ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ሌላ ጊዜ ወደዚያ በሚያጋድሉ ግዛቶች የሚኖሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም የፖለቲካ ወሬ የሚሰሙት ምርጫው ሲቃረብ ነው።

ስለዚህ «የምወደው ሰው በሁለተኛው በር ላይ ይቀራል» የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። በወንድምዎ ዘንድ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሜሪላንድ ለሪፐብሊካን እጩ ድምፅ የሰጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1988 ነው። በሁለተኛው በር ላይ የወንድምዎ ድምፅ ተጨመረም ቀረም ውጤቱን አያናውጠውም። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ደግሞ በፓርቲው ለተመዘገቡ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ከዚህ የተነሳ የእርሳቸው ድምፅ ክብደት የሚኖረው በመጀመሪያው በር ላይ ነው። ያቺኑ ክብደት ያላትን ድምፅ በፔንሲልቬኒያ የሚኖር የማያውቁት ሰው ይህን ይወዳል፣ ያንን ይጠላል ለሚል ግምት አሳልፈው ሊሰጧት ነው።

እርስዎ በእድሩ ስብሰባ ያዩት ነገር በአሜሪካም በግልጽ ታይቷል። ለ2020 ምርጫ በተደረገው የዲሞክራቶች ፉክክር በርከት ያሉ ሴቶች ሲወዳደሩ፣ ብዙ መራጮች «እኔ ሴት ፕሬዚዳንት ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ጎረቤቶቼ ግን አይመርጧትም» ይሉ ነበር። ጎረቤትየዋም ስለ እነርሱ ይህንኑ ትል እንደነበር መገመት አይከብድም። ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም የሚለውን ነገር በእጩው ላይ እንደ ቁመትና እንደ መልክ የሚታይ ጠባይ አድርገን እናወራለን፤ ነገር ግን የምናወራው በአመዛኙ ስለ ሌሎች ሰዎች ልብ ያለንን ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሁሉም አይመረጥም ካሉ አይመረጥም፣ ሽማግሌው እጃቸውን ካወጡ ይመረጣል።

ሽማግሌው በመጀመሪያው እጩ ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበረ የሚያሳይ ታሪክ በ2008 ተፈጽሟል። በ2007 ዓመቱን ሙሉ ቀዳሚዋ ሂላሪ ክሊንተን ነበሩ። በደቡብ ካሮላይና የሚኖሩ ብዙ ጥቁር መራጮች ባራክ ኦባማን ቢወዷቸውም ነጮቹ አይመርጧቸውም ብለው ያመነቱ ነበር። በጥር 3 ቀን 2008 ከነዋሪዎቿ መካከል ከ10ሩ ከ9 በላይ ነጮች በሆኑባት በአዮዋ ኦባማ አንደኛ ወጡ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በደቡብ ካሮላይና ድምፅ ሲሰጥ ከክሊንተን ከእጥፍ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በእነዚያ ሳምንታት ሰውየው አልተለወጡም፤ የተለወጠው እያንዳንዱ ሰው ስለ ሌላው የነበረው ግምት ነው።

ጆን ኬኔዲም በ1960 ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸዋል። ከእርሳቸው በፊት ለፕሬዚዳንትነት የቀረቡት ብቸኛው ካቶሊክ እጩ አል ስሚዝ በ1928 ክፉኛ ተሸንፈው ስለነበረ፣ ብዙ የፓርቲው ባለሥልጣናት ካቶሊክ አያሸንፍም የሚል እምነት ነበራቸው። ኬኔዲ ከሕዝቧ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ወደሆነችው ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደው ተወዳደሩ፤ በግንቦት 10 ቀን የፓርቲያቸውን ተፎካካሪ ሁበርት ኸምፍሪን ሲያሸንፉ ያ ክርክር ጉልበቱን አጣ። በወቅቱ ቅድመ ምርጫ የሚካሄደው በጥቂት ግዛቶች ስለነበረ፣ ድሉ ያስገኘላቸው ትልቁ ጥቅም ተወካዮቹን የያዙትን የፓርቲ አለቆች ማሳመኑ ነበር።

በተቃራኒው «የሚመረጥ ሰው» ብሎ መምረጥ ለድል ዋስትና እንዳልሆነ 2004 ይመሰክራል። በ2003 መጨረሻ ላይ የዲሞክራቶች ቀዳሚ የኢራቅን ጦርነት አጥብቀው የተቃወሙት ሃዋርድ ዲን ነበሩ። የአዮዋ መራጮች «ዲን ፕሬዚዳንት ቡሽን አያሸንፍም» ብለው በቬትናም ጦርነት ተሸላሚ ወደነበሩት ወደ ጆን ኬሪ ዞሩ፤ ዲን ሦስተኛ ወጡ። ኬሪ ጦር ሜዳ የዋሉ ሰው ናቸውና ማንም በአገር ፍቅር አያማቸውም ተብሎ ነበር። ክረምት ላይ ተቃዋሚዎቻቸው ዘመቻ የከፈቱት በዚያው በጦርነት ታሪካቸው ላይ ነው፤ በኅዳርም በ286 ለ251 ተሸነፉ። ዲን ቢሆኑ ኖሮ ያሸንፉ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ልባቸው የፈለገውን ትተው የመረጡት ሰዎች፣ ፍቅሩንም ድሉንም አጡ።

ወደ ወንድምዎ ስጋት እንመለስ፤ ምክንያት አለው ብለናልና። በ1964 ሪፐብሊካኖች ባሪ ጎልድዋተርን አቀረቡ፤ ስድስት ግዛቶችን ብቻ አሸንፈው በ486 ለ52 ወደቁ። በ1972 ዲሞክራቶች ጆርጅ ማክገቨርንን አቀረቡ፤ ከ50 ግዛቶች ማሳቹሴትስን ብቻ፣ ከእርሷም ጋር ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን አግኝተው ቀሩ። ሁለቱም ከፓርቲያቸው ጥግ የቆሙ ነበሩ፤ ከመሸነፋቸው በፊትም በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ አይመረጡም ተብሎላቸዋል። የማክገቨርን ነገር ሌላም የሚገርም ገጽ አለው። በ1968 ኸምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ የፓርቲው እጩ መሆናቸው ቁጣ ስላስነሳ ደንቡን እንዲያሻሽል ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሥልጣኑን ከፓርቲ አለቆች ወደ ተራው መራጭ እንዲያዘነብል ያደረገውን ያንን ኮሚሽን በመጀመሪያ የመሩት ራሳቸው ማክገቨርን ነበሩ። በከፈቱት በር ራሳቸው ገቡ ማለት ነው።

ሁለቱን ሽንፈቶች በሙሉ በእጩዎቹ አቋም ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጎልድዋተር የተወዳደሩት ኬኔዲ ከተገደሉ ዓመት ሳይሞላ፣ ሐዘኑ ገና ሳይወጣለት፣ የእርሳቸውን መንበር ከወረሱት ከጆንሰን ጋር ነው። ማክገቨርንም የገጠሟቸው ሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ በዚያ ላይ ለምክትልነት ያጯቸው ሰው ቀድሞ ለአእምሮ ሕመም መታከማቸው ስለተሰማ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መለወጥ ግድ ሆነባቸው። በእኛ ግምት ከፓርቲ ጥግ የቆመ እጩ ለዚያ አቋሙ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ዋጋው ግን በኑሮ መወደድ፣ በጦርነትና ሥልጣን ላይ ባለው ሰው መሰልቸት ሊሸፈን የሚችል ነው። ለዚህ ከሪፐብሊካኑ ከሮናልድ ሬገን የበለጠ ምስክር አይገኝም። በ1980 ዕድሜያቸው 69 ደርሶ ነበር፤ ለሪፐብሊካን ነባሮች ሳይቀር ቀኝ የበዛባቸው መስለው ይታዩ ነበር። የፕሬዚዳንት ካርተር ሰዎች እርሳቸው እንዲገጥሟቸው ይመርጡ እንደነበረ ይታወቃል። የዋጋ ንረትና በቴህራን የተያዙት አሜሪካውያን ታጋቾች ጉዳይ በተደራረቡበት በዚያ ዓመት ሬገን 44 ግዛቶችን ጠራረጉ።

የመጨረሻው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2020 ጆ ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ወጥተው ነበር። የደቡብ ካሮላይና መራጮች «ትራምፕን የሚያሸንፍልን እርሱ ነው» ብለው አነሷቸው፤ ግምቱም ልክ ሆኖ በ306 ለ232 አሸነፉ። ያው ሰው በ2024 ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ቅድመ ምርጫውን ከጨረሱ በኋላ፣ በሰኔ 27ቱ ክርክር ደክመው በመታየታቸው የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች አያሸንፉም አሏቸው፤ በሐምሌ 21 ቀን ራሳቸውን አገለሉ። «የሚመረጥ» የሚባለው ስም በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰው ላይ ተገፎ ሊወድቅ ይችላል። የተተኩት ካማላ ሃሪስም በ312 ለ226 መሸነፋቸው «ባይደን ይቀየሩ» ያሉትን ወገኖች የሚያስፎክር አይደለም።

እንግዲህ ወንድምዎ ሲደውሉ አንድ ነገር ይጠይቋቸው። «አያሸንፍም» ሲሉ በየትኛው ግዛት፣ የትኛውን መራጭ ያጣል ማለታቸው ነው? «በ2024 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያጣናቸውን ሠራተኞች አይመልስም፤ ምክንያቱም በጋዝ ቁፋሮ ላይ ያለው አቋም እንዲህ ነው» ብለው ከመለሱ የሚመዘን ክርክር አላቸው። «ሰው አይወደውም» ብቻ ካሉ ግን እጃቸው ገና ጋቢው ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ የእድርዎ ሁለተኛ እጩ ሥራውን እንዴት እንደያዘው አልነገሩንም፤ ብንሰማ ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ በእነዋሪ ከተማ አስተማሪ ነኝ። የሕዝብ አስተያየት ጥናት እያለ በግምት መከራከር ለምን አስፈለገ? ቀዳሚው እጩ ከተቃራኒው ፓርቲ ሰው ጋር ቢገጥም ስንት በመቶ እንደሚያገኝ ተጠይቆ ይታወቅ የለም ወይ?

መልስ፦ ይጠየቃል፤ መልሱም በየሳምንቱ ይታተማል። ችግሩ ጊዜው ነው። በ1988 ሐምሌ ላይ፣ ከዲሞክራቶች ጉባኤ በኋላ፣ ማይክል ዱካኪስ በአንድ ታዋቂ የጋለፕ ጥናት አባት ቡሽን በ17 ነጥብ ይመሩ ነበር፤ በኅዳር ግን ቡሽ 40 ግዛቶችን አሸነፉ። በ1992 ሰኔ ላይ ቢል ክሊንተን ከቡሽና ከግል ተወዳዳሪው ከሮስ ፔሮ ቀጥለው ሦስተኛ ነበሩ፤ በኅዳር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እጩ ባልታወቀበት፣ ምርጫው ዓመት በቀረው ጊዜ የሚሰበሰብ ቁጥር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ተጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ስሙን ስላወቀው ሰው ነው እንጂ መርምሮ ስለመረጠው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ከማን እንደተጠየቀ ነው። እርስዎ በጅሩ ጤፍ አገር ስለሚኖሩ ይህን ለማስረዳት አንቸገርም። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ በተዘገነው አይረካም፤ እጁን እስከ ክንዱ ሰድዶ ከመሐል አውጥቶ መዳፉ ላይ ያየዋል፣ እፍ ብሎም ገለባውን ይለያል። አንድ ሺህ ሰው በትክክል ከመሐል ከተዘገነ ስለ መቶ ሚሊዮኖች በሦስት ነጥብ ገደማ ስሕተት ሊናገር ይችላል። በ2016 ግን በዊስኮንሲንና በሚቺጋን የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የተማሩ ሰዎች ከድርሻቸው በላይ የመለሱባቸው ነበሩ፤ ኮሌጅ ያልገቡት፣ ወደ ትራምፕ ያዘነበሉት፣ ከጆንያው ሥር ቀሩ። ብዙ ጥናት አድራጊዎችም ይህን በስሌት አላስተካከሉትም። ሂላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጠው ሳለ፣ በዊስኮንሲን፣ በሚቺጋንና በፔንሲልቬኒያ ተደምሮ በ78,000 ያህል ድምፅ ብቻ ተበልጠው ፕሬዚዳንትነቱን አጡ። በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ወቅት «የምትመረጠው እርሷ ናት» የተባለላቸው እርሳቸው ነበሩ፤ በሌላው ወገን ደግሞ አብዛኞቹ የሪፐብሊካን ነባሮች ቀዳሚያቸውን ትራምፕን አይመረጥም ይሏቸው ነበር። ከውጤቱ በኋላ አስቀድመን አውቀን ነበር ያሉ ተንታኞች አልጠፉም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይህ ሁሉ ጥናቶቹ አይረቡም ማለት አይደለም። ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ብዙዎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ አገር አቀፉን ትቶ ወሳኝ ግዛቶችን ለሚያይ ሰው ከማንም ተንታኝ ይሻላሉ። በቅድመ ምርጫው ጊዜ ግን ወንድማቸውን የጠቀሱት የደብረ ብርሃኑ ጠያቂያችን ለተነሱበት ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጡም።

ጥያቄ፦ እኔ በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ሬዲዮ አዘወትራለሁ። «ይህ ሰው አይመረጥም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያም ያልወደዱት አይደሉም? ደግሞስ ይህ ዓይነት ክርክር በእኛ አገር የማይሰማው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ተፎካካሪው «አቋሙን አልወድም» ቢል የቀዳሚውን ደጋፊዎች ያስቀይማል፤ «እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ያስሸንፈናል» ቢል ግን ወዳጅ መስሎ ይቀርባል። ስለዚህ ተናጋሪው የማንን ዘመቻ እንደሚያግዝ፣ ገንዘቡንም ለማን እንደሰጠ መመልከት ይጠቅማል። ያም ሆኖ ጠላት የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎልድዋተርን አይመረጡም ያሏቸው ተቀናቃኞቻቸው ነበሩ፣ ትክክልም ነበሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሕጉ ይመለሳል። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የእኛ ፕሬዚዳንት በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እጩ ያቀርባል፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሾመዋል፣ የሥራ ዘመኑም ስድስት ዓመት ነው። የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን የሚይዘው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፤ በምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል። የሸዋ ሮቢት መራጭ ካርዱ ላይ ምልክት የሚያደርገው በምርጫ ክልሉ ለሚወዳደር ሰው እንጂ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም። የፓርቲ መሪም የሚለየው በፓርቲው ጉባኤ ውስጥ ነው፤ ተራው ደጋፊ በየክልሉ ወጥቶ ድምፅ የሚሰጥበት ቅድመ ምርጫ የለንም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ይመረጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቢነሳ የሚነሳው ፓርቲዎች ለአንድ የምርጫ ክልል ሰው ሲያጩ ነው፤ በዚያም አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ስለሚወስድ፣ ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸው ሁለት እጩዎች ድምፅ ተካፍለው ሦስተኛው ሊያልፍ ይችላል። በ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች እያንዳንዱ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው።